የሽምብራ ጉብታና የጉርባ ካምፕ ልጆች

ከጉርባ ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከወንዶቹ የክረምት ካምፕ አጥር ወጣ ብሎ፣ ሰው ቁጭ ቢልበት ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር የሚያይበት አንድ ጉብታ አለ። ከሣር በቀር ምንም አይበቅልበትም፤ ሽምብራም ተዘርቶበት አያውቅም፤ ግን የአገሩ ሰው ሁሉ ሽምብራ ጉብታ ነው የሚለው፣ የሚኒባሱ ረዳትም «ሽምብራ ጉብታ ወራጅ አለ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ከጉብታው ሥር፣ ልጆቹ ወደ ውሃው በሚወርዱበት መንገድ ላይ ደግሞ ከድንጋይ በተሠራ መደብ ላይ አንድ የሸክላ ጣባ ተቀምጧል። ወደ ውሃው የሚገባ ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ አንዲት የተቆላች ሽምብራ ጣባው ውስጥ ሳይጥል እግሩን አያርስም። ሲወጣም አንዲት አንስቶ ይበላል። ጣባው ባዶ ካልሆነ ምሳ አይቀርብም፣ ዘፈን አይዘፈንም፣ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ የሚተኛም የለም። ይህ ልማድ ከየት መጣ ቢሏቸው፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ፈገግ ይላሉ፣ ቀጥለውም «ከአንዲት ፈሪ ሴት ነው የመጣው» ይላሉ።

እንደሚነገረው ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ማለቂያ ገደማ፣ ካምፑ በተመሠረተ በሦስተኛው ክረምት ነው። የመሠረተው ጋሽ ይፍሩ የሚባል የስፖርት አስተማሪ ነበር። ምጽዋ ሳለ ዋና የተማረ፣ ደረተ ሰፊ፣ ቁጣው ቶሎ የሚመጣ ቶሎም የሚሄድ ሰው ነበር ይባላል። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ከየትምህርት ቤቱ ልጆች አስመርጦ፣ በጭነት መኪና ጭኖ፣ ጉርባ ያመጣቸዋል። እዚያም ጎሕ ሲቀድ በቀንድ ጥሩምባ ይነቃሉ፣ አንሶላቸውን ራሳቸው ያነጥፋሉ፣ ድስቱን በተራ ያጥባሉ፣ ያሳረረ ያሳረረውን ራሱ ይበላል። ጉርባ ከርሞ የተመለሰ ልጅ በአካሄዱ ይታወቃል ይባል ነበር። እናቶቹ ግን እንዲገቡ አይፈቀድም። «እናት ካምፕ ከገባች ልጁ ወጣ ማለት ነው» ይል ነበር ጋሽ ይፍሩ።

በዚያ ክረምት ከተመረጡት አርባ ሦስት ልጆች አንዱ ስንሻው ይባላል፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ትርንጎ ደግሞ በከተማው መናኸሪያ ቆሎ በስኒ እየሰፈረች የምትሸጥ ሴት ነበረች። አባቱ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ሁመራ እንደወረደ ወሬው ጠፍቶ፣ እናትና ልጅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስንሻው ሲመረጥ ከመናኸሪያ ሰፈር የመጀመሪያው ነበርና ጎረቤቱ ሁሉ እልል ብሎ ነው የሸኘው። ትርንጎም አብራ እልል አለች፣ ግን እልልታው ከጉሮሮዋ አልወረደም። ውሃ ስትባል በእንስራ ካለው በላይ አይታ አታውቅማ። ልጇ ጉንፋን ሲይዘው ትንፋሹን ለመስማት ጆሮዋን አፍንጫው ላይ ደቅና የምታድር ሴት፣ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ እንዴት ትቻለው?

ሦስት ቀን ቻለች። በአራተኛው ቀን መናኸሪያ ቆሎዋን ዘርግታ ሳለች፣ አንዱ መንገደኛ ስለ ሐይቅ ሲያወራ ሰማችና፣ ቁናዋን በራሷ ላይ አድርጋ የመጀመሪያው መኪና ላይ ወጣች። ሐይቁ ዳር ባለው መንደር ወይዘሮ ዘርትሁን የሚባሉ የሩቅ ዘመድ ስለነበሯት እሳቸው ዘንድ አረፈች።

«እንዳያይሽ፣ ልጅሽ ያፍራል» አሏት ወይዘሮ ዘርትሁን።

«አጥሩ ውስጥ መቼ ገባሁ? ከውጭ ሆኜ ነው የማየው።»

«ምኑን ነው የምታዪው?»

«ሲገባና ሲወጣ።»

ሲገባማ አየችው። አርባ ሦስት ልጅ ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ገብስ ንፍሮ ነው፣ አንዱ ብቅ ሲል ሌላው ይሰምጣል፣ ራስ ሁሉ ከረጠበ አንድ ዓይነት ነው። ትርንጎ መቁጠር አይቸግራትም ነበር፣ የገበያ ሰው ናት፤ ዓይኗ ግን በፍርሃት ይቀላቀልባት ነበር። ሃያ ላይ ስትደርስ ልጇን ትፈልጋለች፣ ልጇን ስታገኝ ቁጥሩ ይጠፋባታል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን የወይዘሮ ዘርትሁንን ጣባ ተውሳ ጉብታው ላይ ይዛ ወጣች። አንድ ራስ ውሃ ውስጥ ሲገባ አንዲት ሽምብራ ከቁናው አንስታ ጣባው ውስጥ ትጥላለች። አንድ ሰው ሲወጣ አንዲት ታነሳና «ተመስገን» ብላ ትበላታለች። ጣባው ባዶ ሲሆን ሁሉም ወጥተዋል ማለት ነው። የማንም ልጅ ይሁን፣ ሁሉም ወጥተዋል። እንዲያ ስታደርግ ነው ልቧ የሚያርፈው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውላ ነበር ይባላል። ሁልጊዜ ልጆቹ ወጥተው ሲያልቁ አንዲት ሽምብራ ትቀራለች፤ ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ በወዲያ ማዶ ይወጣና ትበላታለች። ከልጆቹ ትልቁና አስቸጋሪው ይሆናል ብላ ነበር የምታስበው።

እንዲህ እያለች ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ሁሉም ወጡ፣ ማዶም የሚወጣው ወጣ፣ ጣባው ውስጥ ግን አንዲት ሽምብራ ቀረች። ትርንጎ ጠበቀች፤ ውሃው ዝም አለ። ያን ጊዜ ነጠላዋን ጥላ ኡኡ አለች። መንደሩ ተጠራ፣ ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ መጣ፣ ጋሽ ይፍሩ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ገብቶ እስኪደክመው ጠለቀ። በኋላ ረዳቱ ጉልላት መዝገቡን ይዞ ስም ቢጠራ አርባ ሦስቱም ልጆች «አቤት» አሉ። ነገሩ ሲጣራ አንዱ ልጅ ሆዱን ቆርጦት በደንገሉ መሀል ሾልኮ ወጥቶ ኖሯል።

ጋሽ ይፍሩ ውሃው ከላዩ እየተንጠባጠበ ጉብታው ላይ ወጣ።

«የማን እናት ነዎት?»

ትርንጎ ልጇን ላለማጋለጥ ጎንበስ ብላ የጣለችውን ነጠላ ታነሳ ጀመር። ስንሻው ግን ከታች አንገቱን ደፍቶ ስለቆመ ነገሩ ግልጽ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ እዚህ በሦስት ክረምት አንድ ልጅ አልጠፋብኝም። መዝገብ አለኝ፣ ፊሽካ አለኝ። በሽምብራ አይደለም የምቆጥረው። ሁለተኛ ከጮሁ ግን ልጅዎን ይዘው ነው የሚሄዱት። ቃሌ ነው።»

የዚያን ቀን ከሰዓት ስንሻው አጥሩ ድረስ መጣ። ልጆቹ «የቆሎ ልጅ፣ ስንት ስኒ ነህ?» እያሉ ሲያሾፉበት ውለው ዓይኑ ቀልቷል።

«እማዬ፣ ሂጂልኝ።»

«እሄዳለሁ።»

«መቼ?»

«አንተ ስትሄድ።»

«እንግዲያው አትጩሂ። አትጮሂም? በማርያም በዪ።»

«በማርያም፣ አልጮህም» አለች ትርንጎ። እንዲህ ብላ የማለችው ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው ይባላል።

ፍልሰታ ገባ። ትርንጎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም ሽምብራውን መብላት ተወች። የወጣ ሰው ቁጥር እንዳይጠፋት ግን ከጣባው ያነሳቻትን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ልጆቹም ጉብታዋን ለምደውት፣ አንዳንዱ ወደ ውሃው ሲወርድ «እማማ ሽምብራ፣ እኔን ጣሉኝ!» ይላት ጀመር፤ እሷም ከላይ ሆና ሽምብራዋን ወደ ላይ አንስታ ታሳየዋለች። ስንሻው ግን ቀና ብሎ አያያትም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ብራ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ሰማዩ በአንዴ ጠቆረ። ከሐይቁ መሀል፣ በባዶ በርሜሎች ላይ ሳንቃ ተረብርቦ የተሠራ፣ ልጆቹ «መርከብ» የሚሉት መዝለያ ነበር። ጋሽ ይፍሩ እዚያ ላይ ቆሞ ፊሽካ ነፋ፣ ልጆቹ ሁሉ እየዋኙ ወጡ። ጉልላት ዳር ላይ ሆኖ ስም ጠራ፣ አርባ ሦስት ሞላ። ዝናቡ ሲጥል ልጆቹ ጃኬታቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ወደ መመገቢያው ድንኳን ሮጡ። ምሳው የጾም ሽሮ ነበር።

ትርንጎ ጉብታው ላይ ዝናብ እየመታት ቀረች። ጣባው ውስጥ አንዲት ሽምብራ አለች።

ማዶውን አየች። የወጣ የለም። ቆየች፣ ዝናቡ ጣባውን ሊሞላ ደረሰ፣ ሽምብራዋ ተንሳፈፈች። ማዶ አሁንም የወጣ የለም። ልጇን ከሚሮጡት ልጆች መሀል በዓይኗ አይታዋለች፤ ስንሻው ወጥቷል፤ የቀረው የሌላ ሰው ነው። ዝም ብትል ልጇ እስከ መጨረሻው ይከርማል፣ የመናኸሪያ ሰፈርም ይኮራበታል፣ ማርያምም አትቀየማትም። ብትጮህ ደግሞ፣ ቢሳሳትባት፣ ልጇ ሻንጣውን ይዞ በዚያ ሁሉ ልጅ መሀል ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያም እናቴ ብሎ አይጠራትም። ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ «በዚያ ዝናብ ውስጥ ያች ሴት ስንት ዘመን ቆየች መሰላችሁ!» ይላሉ። አንድ ነገር ግን አላስቀመጣትም፤ ይቺ ሽምብራ የአንዲት እናት ልጅ ናት።

አልጮኸችም። ጣባውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ነጠላዋን ቋጥራ፣ እናት ገብታበት በማታውቀው በር ገባች። እርጥብ እንደ ሆነች በልጆቹ መሀል አልፋ ጉልላት ፊት ቆመች። ስንሻው የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

«ጌታዬ፣» አለች፣ ለቤት ሰው እንደሚነገር በቀስታ፣ «አንድ ሰው ውሃ ውስጥ አለ።»

«እትዬ፣ ጀመርሽ ደግሞ?» አለ ጉልላት። «አርባ ሦስቱም እዚህ ናቸው። ያንን ቀን እንደ ሆነው ነው። አንዷን መብላት ረስተሽ ይሆናል።»

«ዛሬ ጾም ነው። አንድም አልበላሁም፣ ሁሉም እዚህ አሉ» አለችና ነጠላዋን ፈታችው። ሽምብራው ገበታው ላይ ፈሰሰ። «የወጡት እነዚህ ናቸው። ይቁጠሯቸው።»

ጉልላት መቁጠር አልፈለገም ነበር ይባላል። ልጆቹ ግን ከበቡና ጮክ ብለው ቆጠሩ። አርባ ሦስት ሆነ። ሳቅ ጀማምሯቸው ነበር፤ ትርንጎ ጣባዋን ከገበታው አጠገብ ስታኖር ግን ሳቁ ተቋረጠ። ውስጡ አንዲት ሽምብራ አለች።

«አርባ አራተኛ ልጅ የለኝም» አለ ጉልላት። «ከየት ላምጣልሽ?»

ያን ጊዜ ስንሻው ከወንበሩ ተነሣ።

«ጋሽ ይፍሩስ?»

«እሱማ ሁልጊዜ ለብቻው ሲዋኝ ቆይቶ ማዶ ነው የሚወጣው» አለ ጉልላት። « በእግሩ ዞሮ ይመጣል።»

«ማዶ አልወጣም» አለች ትርንጎ። «ማዶ ቢወጣ ኖሮ ይቺ ሽምብራ እዚህ ምን ታደርጋለች?»

ጉልላት መዝገቡን አየ። ከአንድ እስከ አርባ ሦስት የልጆች ስም ነው፣ ጋሽ ይፍሩ የሚል የለም። በዚያ ካምፕ ልጅ ሁሉ በቀን ሦስት ጊዜ ይቆጠራል፤ የሚቆጥረውን ሰው ግን የሚቆጥር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አየሁ የሚል ሽማግሌ አሁንም አለ። ጉልላት የወጥ ቤቱን ቢላዋ በጥርሱ ነክሶ፣ ከትልልቆቹ ልጆች ሦስቱን ይዞ፣ በታንኳ እየቀዘፈ መርከቡ ዘንድ ደረሰ። ምንም አይታይም። ዝናቡ ውሃውን ሲመታው እንኳን የሰው ድምፅ፣ መድፍም አይሰማም። አንዱ ልጅ ግን ጆሮውን ሳንቃው ላይ ቢለጥፍ፣ ከሥር በርሜሉን ኳ፣ ኳ የሚያደርግ ሰማ። ጋሽ ይፍሩ ልጆቹ ከወጡ በኋላ የመርከቡ ገመድ ላልቶ አግኝቶት ሊያጠብቅ ጠልቆ፣ ገመዱ ቁርጭምጭሚቱን ጠልፎ ይዞት ኖሯል። በሁለት በርሜሎች መሀል ባለች አንድ ስንዝር ቦታ አፍንጫውን ቀስሮ ነው የሚተነፍሰው። ሞገዱ ሲመጣ ውሃ ይጠጣል፣ ሲሄድ ይተነፍሳል። አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ቆየ ይላል፣ አንዳንዱ ሰዓት ሙሉ ይላል። ገመዱን ቆርጠው ሲያወጡት ከንፈሩ ጠቁሮ፣ በርሜሉን የደበደበበት እጁ ቆስሎ ነበር።

ዳር ላይ ብርድ ልብስ አልብሰውት፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ መጀመሪያ የተናገረው ነገር፣

«ማነው የቆጠረኝ?» የሚል ነበር።

ልጆቹ ዞር ብለው ትርንጎን አዩ። እሷ ጣባዋን እንደያዘች ነበር።

«አልጮህኩም ጋሼ» አለችው። «በቀስታ ነው የተናገርኩት። በሩን ማለፌ ግን ጥፋት ነው፣ ልጄን እንዳይሰዱብኝ።»

ጋሽ ይፍሩ ያን ሁሉ ቁጣውን የት እንዳደረገው እንጃ። እጁን ዘረጋና ከጣባው ሽምብራዋን አነሣ።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ከትልልቆቹ ልጆች አንዱ መስለውኝ ነው እንጂ።»

ይህን ጊዜ ልጆቹ ሳቁ፣ ጋሽ ይፍሩም ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሽምብራዋን እዚያው አፉ ውስጥ እንደ ጨመራት ይነገራል። ጾም ስለሆነ ጉንጩ ውስጥ ይዟት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ የሚሉ አሉ፤ አይ፣ እዚያው ቆረጠማት፣ ቄሱም ንስሐ ሰጡት የሚሉም አሉ። ብቻ በልቷታል።

በማግሥቱ ጠዋት ልጆቹን አሰልፎ፣ መዝገቡን ከጉልላት ተቀብሎ፣ ከአርባ ሦስቱ ስም በላይ የራሱን ስም በገዛ እጁ ጻፈ። «ከዛሬ ጀምሮ የሚቆጥርም ይቆጠራል» አለ። «ሽምብራውን መጀመሪያ የምጥለው እኔ፣ ጣባው ባዶ መሆኑን የሚያዩት እሳቸው ናቸው።» ትርንጎ በበሩ የገባች የመጀመሪያዋ እናት ሆነች። እነዚያ «ስንት ስኒ ነህ?» ሲሉት የነበሩ ልጆች ደግሞ ከስንሻው ጋር አንድ ድንኳን ለመግባት ዕጣ ተጣጣሉ ይባላል። ወደ ውሃው ሲወርድ ስንሻው ያን ቀን ቀና ብሎ ወደ ጉብታው አየ፣ «እማዬ፣ እኔን ጣይኝ!» አለ፤ ሁሉም ሰማው።

ትርንጎ ከዚያ ወዲያ ሰባት ክረምት ቆጠረች። ቆሎዋን የምትቆላው ራሷ ነበረች፣ የጉርባ ሽምብራ አያርርም፣ አይጠጥርም ይባልላት ነበር። ስንሻው አድጎ ጉልላትን ተክቶ የዋና አስተማሪ ሆነ፤ በእሱም ዘመን፣ ከእሱም በኋላ፣ መንግሥት ተለውጦ ካምፑ ሁለት ጊዜ ተዘግቶ ሁለት ጊዜ ሲከፈት፣ ድንኳኑ በቆርቆሮ ቤት ሲተካ፣ የቀንድ ጥሩምባው በደወል ሲቀየር፣ ይህ ልማድ አንድ ቀን አልተጓደለም። በዚህ ሁሉ ክረምት ጉርባ የገባ ልጅ ሁሉ ወጥቷል። የአገሩ ሰው ስለዚህ ሲናገር ደረቱን ነፋ ያደርጋል፣ ቢያደርግም አይፈረድበትም።

ልጆቹ ምን ያህል እንደሚጠነቀቁለት ለማወቅ ያምናውን መስማት ይበቃል። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ካምፑን ሊጎበኙ መጥተው፣ ፀሐዩ ሞቅ ሲል ሸሚዛቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ሊገቡ አሉ። ጣባውን የሚጠብቀው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ናሁሰናይ የሚባል፣ መንገዱ ላይ ቆመባቸው።

«ጋሼ፣ ሽምብራ አልጣሉም።»

አጃቢው ሊገፋው ሲል ሰውየው ከለከሉትና ሽምብራቸውን ጥለው ገቡ። ዋኝተው ግን ስልክ ተደወለላቸውና በችኮላ ወጥተው፣ ፀጉራቸው ሳይደርቅ መኪና ውስጥ ገብተው ወደ ከተማ በረሩ። ልጆቹ ወጥተው ሲያልቁ ጣባው ውስጥ አንዲት ሽምብራ ቀረች። አስተማሪዎቹ የማን እንደ ሆነች ያውቃሉ፣ መኪናው ሲሄድ አይተዋል፣ ሲደውሉላቸውም ሰውየው «በሰላም ገብቻለሁ» ብለዋቸዋል። ልጆቹ ግን ምሳ አንበላም አሉ። በስልክ የተቆጠረ ሰው የለም አሉ። በመጨረሻ ናሁሰናይና አንድ ጓደኛው ሽምብራዋን በወረቀት ጠቅልለው፣ ከካምፑ ሹፌር ጋር አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ሄደው፣ ሰውየውን ከስብሰባ አስጠሩ። እሳቸውም ኮታቸውን እንደ ለበሱ በረንዳው ላይ ወጡ፣ ወረቀቱን ፈቱ፣ ሽምብራዋን በሁለቱ ልጆች ፊት ቆረጠሟት።

ናሁሰናይ ወደ አፋቸው ትንሽ ጠጋ ብሎ አየ።

«ውጠዋል?»

«ውጫለሁ።»

«እንግዲያው ወጥተዋል» አላቸውና፣ ምሳ የሚጠብቁት ስልሳ ልጆች ስለነበሩ፣ ወደ መኪናው ሮጠ።